መስመሩ ለምን ይንጋደዳል? ባለ ቀጤ ማዕዘን ማገናኛ መስመርን መሳልና ማስተካከል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የፍሎውቻርት መሥሪያ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ሳጥኖችን በመስመር አገናኛለሁ። መስመሮቹ አግድምና ቋሚ ብቻ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። የማጠፊያ ነጥቦቹን በሊስት ይዣለሁ። ተጠቃሚው አንዱን ነጥብ ሲጎትት ግን ከጎኑ ያሉት የመስመሩ ቁራጮች ይንጋደዳሉ። እነሱን ሳስተካክል ደግሞ ጫፉ ከሳጥኑ ይላቀቃል። ሳጥን ሲንቀሳቀስም መስመሩ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ያልፋል። ምን ላድርግ?»

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ቦታ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ጥፋቱ ነጥብ የሚጎትተው ኮድህ ላይ አይደለም። የምታስቀምጠው ነገር ላይ ነው። ነጥቦችን በሊስት ስትይዝ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር አለው፦ ኤክስ (በአግድም ያለበት ቦታ) እና ዋይ (በቁመት ያለበት ቦታ)። በሁለቱም አቅጣጫ እንደልቡ መሄድ ይችላል። ማዕዘኑ 90 ዲግሪ እንዲሆን የሚያስገድደው ነገር የለም። ስለዚህ አስገዳጁን ኮድ አንተ ትጽፋለህ። አንዱን ነጥብ ስታቃና ጎረቤቱ ይበላሻል። ጎረቤቱን ስታቃና ጫፉ ከሳጥኑ ይወጣል። በዚህ መንገድ ማለቂያ የለውም።

እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ነበር የሠራሁት። ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ የሚጠራ «አቃና» የሚል ፈንክሽን ጻፍኩ። የሁለት ተከታታይ ነጥቦች ዋይ እኩል ከሆነ ቁራጩ አግድም ነው፣ ካልሆነ ቋሚ ነው ይል ነበር። አንድ ቀን ሥዕሉ በዙም ተባዝቶ ሲሰላ አንዱ ዋይ 80፣ ሌላው 80.0000001 ሆኖ መጣ። ፈንክሽኑ አግድሙን ቁራጭ ቋሚ ነው ብሎ ወሰነ። መስመሩ ዓይኔ እያየ ተጣጥፎ ሳጥኑ ላይ ተከመረ። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። ቀጤ ማዕዘን ከተበላሸ በኋላ የሚጠገን ነገር መሆን የለበትም። ከአቀማመጡ የተነሳ ሊበላሽ የማይችል መሆን አለበት።

በቁጥር እንየው። ግራ ያለው ሳጥን በቀኝ ጎኑ መያያዣ (መስመሩ ሳጥኑን የሚነካበት ነጥብ) አለው፤ ኤክስ 100፣ ዋይ 80። ቀኝ ያለው ሳጥን በግራ ጎኑ መያያዣ አለው፤ ኤክስ 300፣ ዋይ 200። ስክሪን ላይ ዋይ የሚጨምረው ወደ ታች ስለሆነ ሁለተኛው ሳጥን ዝቅ ብሎ ነው ያለው። መስመሩ ከ(100፣ 80) ይነሳል። ወደ (200፣ 80) ይሄዳል። ወደ (200፣ 200) ይወርዳል። (300፣ 200) ላይ ይገባል። አራት ነጥብ፣ ስምንት ቁጥር።

ከስምንቱ ውስጥ ተጠቃሚው በእውነት የሚወስነው ስንቱን ነው? አንዱን ብቻ ነው። መካከለኛው ቋሚ ቁራጭ የቆመበትን ኤክስ፣ ማለትም 200ን። የመጀመሪያው አግድም ዋዩን ያገኘው ከመጀመሪያው ሳጥን ነው። የመጨረሻው አግድም ዋዩን ያገኘው ከሁለተኛው ሳጥን ነው። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ይወጣል። እንግዲህ ሊስትህ ውስጥ መኖር ያለበት አንድ ቁጥር ነው፦ 200።

መስመሩ አምስት ቁራጭ ካለው ሊስቱ ሦስት ቁጥር ይይዛል፤ ኤክስ፣ ዋይ፣ ኤክስ እየተፈራረቀ። ማጠፊያዎቹን አታስቀምጣቸውም። ስትስል ታሰላቸዋለህ። እያንዳንዱ ማጠፊያ ኤክሱን ከጎኑ ካለው ቋሚ ቁራጭ፣ ዋዩን ከጎኑ ካለው አግድም ቁራጭ ይወስዳል። ሌላ ሕግ የለውም። መንጋደድ አይፈጠርም፤ ለመንጋደድ የሚያስፈልገው ሁለተኛ ቁጥር ከመነሻው የለምና። የትኛው ቁራጭ አግድም እንደሆነም ነጥብ ከነጥብ እያነጻጸርክ አትጠይቅም። በሊስቱ ውስጥ ያለበት ተራ ይነግርሃል።

ኤስቪጂ (ሥዕልን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚገልጽ የፋይል ዓይነት) ላይ መንገድ ስለህ የምታውቅ ከሆነ ይህን ነገር አይተኸዋል። «ኤች» የሚለው ትእዛዝ አግድም መስመር ይስላል፣ «ቪ» የሚለው ቋሚ። ሁለቱም የሚቀበሉት አንድ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። መድረሻው ኤክስ ከታወቀ ዋዩ ካለበት አይንቀሳቀስምና።

ጫፎቹንም በኮኦርዲኔት፣ ማለትም በኤክስና በዋይ ቁጥር፣ አታስቀምጥ። የትኛው ሳጥን፣ የትኛው ጎን፣ በጎኑ ርዝመት ስንተኛው ክፍል ላይ የሚለውን ብቻ ያዝ። ለምሳሌ «ሳጥን 7፣ ቀኝ፣ መሀል»። ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ ጫፉ ከሱ ጋር ይሄዳል። ጫፉ ይላቀቃል ያልከው ችግር እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚላቀቅ የተለየ ቁጥር የለም።

አሁን ወደ መጎተቱ እንምጣ። እኔ የምመክርህ ማጠፊያ ነጥብን ጨርሶ እንዳታስጎትት ነው። ተጠቃሚው የሚይዘው ቁራጩን ይሁን። አግድም ቁራጭ ላይና ታች ብቻ ይሄዳል፤ ቋሚ ቁራጭ ግራና ቀኝ ብቻ። የማውሱን ቀስትም በዚያው ልክ ለውጠው። ሰው ገና ሳይጫን እጁ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ነጥብ የሚያስጎትቱ ፕሮግራሞች አሉ። እዚያ አንድ እንቅስቃሴ ሁለት ቁራጭ በአንዴ ያነቃንቃል፤ ተጠቃሚው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፈለገው አንዱን ነው።

ቁራጩ ተነክቷል ወይስ አልተነካም የሚለው ቀላል ነው። አግድም ወይም ቋሚ ስለሆነ ርቀት ማስላት እንኳ አያስፈልግህም። ቁራጩን በዙሪያው 5 ፒክሰል አስፍተህ ቀጭን አራት ማዕዘን አድርገው፣ ማውሱ ውስጡ ካለ ተነክቷል። 5ቱ ፒክሰል የስክሪን ፒክሰል ስለሆነ ለዙሙ ማካፈል አትርሳ። ካላካፈልክ ሥዕሉ ሲያንስ መስመር መያዝ ፈተና ይሆናል።

መካከለኛ ቁራጭ ሲጎተት ሥራህ አንድ መስመር ኮድ ነው። በሊስቱ ውስጥ ያለውን ቁጥሩን ትቀይራለህ። 200 የነበረው 240 ይሆናል፤ ከጎንና ከጎኑ ያሉት አግድሞች አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ምንም ሳትነግራቸው።

ከበድ የሚለው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁራጭ ነው። እነሱ በሊስቱ ውስጥ ቁጥር የላቸውም። ዋያቸው የሳጥኑ ነው። ተጠቃሚው የመጀመሪያውን አግድም ይዞ ወደ ላይ ቢጎትተው ምን ይሁን? አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ግን ሰው ይበሳጫል፤ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። የሚሻለው አዲስ እጥፋት መፍጠር ነው። መስመሩ ከሳጥኑ 20 ፒክሰል ይውጣ፣ ከዚያ ይታጠፍ፣ ከዚያ ተጠቃሚው በጎተተበት ዋይ ይሂድ። በምሳሌያችን ሊስቱ 200 ብቻ ነበር። አግድሙ ወደ ዋይ 50 ሲጎተት ሊስቱ 120፣ 50፣ 200 ይሆናል። ነጥቦቹን ቁጠራቸው፦ (100፣ 80)፣ (120፣ 80)፣ (120፣ 50)፣ (200፣ 50)፣ (200፣ 200)፣ (300፣ 200)። ሁሉም ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፎቹም በቦታቸው ናቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል። የጨመርነው ሁለት ቁጥር ነው። ሁልጊዜ የምትጨምረው ሁለት፣ የምትቀንሰውም ሁለት ነው። አንድ ብቻ ብትጨምር ከዚያ በኋላ ያለው ኤክስ ሁሉ ዋይ ሆኖ ይነበባል። በሊስቱ ላይ የሚጨምርና የሚቀንስ ፈንክሽን ስትጽፍ ጥንድ ብቻ እንዲቀበል አድርገህ ጻፈው። ይህ አንድ ጥንቃቄ ብዙ ባግ ያስቀርልሃል።

አዲሱን እጥፋት ሰውየው ገና ክሊክ እንዳደረገ አትፍጠረው። ማውሱ 4 ፒክሰል ያህል እስኪንቀሳቀስ ጠብቅ። አለበለዚያ መስመሩን ለመምረጥ ብቻ የነካው ሰው ሳያውቀው እጥፋት ጨምሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ማዋሃድ ይመጣል። ተጠቃሚው ያንን 50 ላይ የነበረ አግድም መልሶ ወደ ታች አወረደውና 78 ላይ ለቀቀው እንበል። የሳጥኑ መያያዣ 80 ላይ ነው። በመካከላቸው የሁለት ፒክሰል ደረጃ ቀረች። ይቺ ደረጃ ዓይን ትወጋለች። ልዩነቱ ከ6 ፒክሰል ካነሰ 120ንና 78ን ከሊስቱ አውጣቸው፤ መስመሩ ወደ 200 ብቻ ይመለሳል። ከሁለቱ ዋዮች የሚያሸንፈው የሳጥኑ ነው፤ እሱ መንቀሳቀስ አይችልምና። ሁለት መካከለኛ ቁራጮች ሲቀራረቡም ያው ነው። እዚያ ግን የሚያሸንፈው ያልተጎተተው ነው፤ ተጠቃሚው ወደሱ አምጥቶ ሊያስተካክለው ነበርና።

ማዋሃዱን ጉተታው ሳያልቅ እንዳትሠራው። ማውሱ ገና ሳይለቀቅ ሁለት ቁጥር ብታወጣ፣ በእጁ የያዘው ቁራጭ 1ኛ የነበረው ሌላ ተራ ቁጥር ይሆናል ወይም ጭራሽ ይጠፋል። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ማውሱን ሲመልስ የያዘው ነገር የለም። በጉተታ ጊዜ መስመሩ 80 ላይ እንደ ማግኔት እንዲለጠፍ አድርገህ ብቻ አሳየው። ሊስቱን የምታሳጥረው ጣቱን ከማውሱ ሲያነሳ ነው።

አሁን ሳጥኑ ሲንቀሳቀስ የሚሆነውን እንይ። ከጠየቅካቸው ሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው፣ ብዙ ጊዜም የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

በሊስቱ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ እኩል ክብር የላቸውም። አንዳንዱን የወሰነው ተጠቃሚው ነው፤ በእጁ ጎትቶ ያቆመው። አንዳንዱን የወሰነው ፕሮግራምህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ቅድም እንዳየነው 120 ያለ ነው፤ ትርጉሙ «120» ሳይሆን «ከሳጥኑ ጫፍ 20 ፒክሰል» ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር ማን እንደወሰነው አብረህ መዝግብ። ሳጥኑ ሲሄድ ከሳጥን የተለካው አብሮ ይሄዳል። የፕሮግራሙ እንደገና ይሰላል። የተጠቃሚው ግን በቦታው ይቆያል። ሰው በእጁ ያስተካከለው መስመር ሳይጠየቅ ሲቀየር ማየት በጣም ያናድዳል። በዚህ ምክንያት ብቻ አንድን ፕሮግራም ትተው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ታዲያ የተጠቃሚው ቁጥር የማይሆን ቦታ ላይ ሲቀርስ? ቋሚው ቁራጭ 200 ላይ በተጠቃሚው ቆሟል፤ የመጀመሪያው ሳጥን ደግሞ ወደ ቀኝ ተጎትቶ የቀኝ ጫፉ 230 ደረሰ። መስመሩ ከ230 ወጥቶ ወደ ኋላ ወደ 200 ይመለሳል፤ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ማለት ነው። አንተ ያየኸው ይህንን ነው። መፍትሔው የተቀመጠውንና የሚሳለውን መለየት ነው። ሳጥኑ በጉተታ ላይ እያለ ሊስቱን አትንካው። ሊስቱ የማያስኬድ ከሆነ ለጊዜው ሌላ መንገድ አስልተህ ሳል። ሰውየው ሳጥኑን ወደ 150 ቢመልሰው መስመሩ የቀድሞ መልኩን ይዞ ይመለሳል። ሊስቱን በየማውሱ እንቅስቃሴ እየቀየርክ ከሄድክ ግን የድሮው 200 ጠፍቷል፤ ሳጥኑ ቢመለስም መስመሩ አይመለስም። ሰውየው ሳጥኑን 230 ላይ ከለቀቀው ያን ጊዜ አዲሱን መንገድ አጽድቀህ አስቀምጥ።

ሁለቱም ሳጥኖች አብረው ተመርጠው ከተንቀሳቀሱ ደግሞ ምንም ስሌት አያስፈልግም። በሊስቱ ያሉት ኤክሶች ላይ የኤክሱን ለውጥ፣ ዋዮቹ ላይ የዋዩን ለውጥ ደምር። ይህ ሲረሳ ሳጥኖቹ ይሄዱና መሀሉ በቦታው ይቀራል።

ፕሮግራሙ ራሱ መንገድ ሲያወጣስ? መያያዣው ከአራቱ ጎኖች በአንዱ ስለሚሆን መነሻና መድረሻ ሲባዙ 16 ዓይነት ሁኔታ ይወጣል። 16ቱንም በ«ከሆነ» እና «ካልሆነ» አትጻፋቸው። ሥዕሉን በሐሳብ አዙረው፤ መነሻው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የሚወጣ ይሁን። 4 ሁኔታ ይቀራል። ከላይ የሚገባውና ከታች የሚገባው የመስታወት ምስል ስለሆኑ አንድ ናቸው። ስለዚህ 3 ቀሩ። መድረሻው በግራ ጎኑ ከሆነና ቦታው ከበቃ መሀል ላይ አንድ ቋሚ አቁም፤ ካልበቃ አምስት ቁራጭ አድርገህ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ወይም በዙሪያቸው አሳልፈው። መድረሻው በቀኝ ጎኑ ከሆነ ቋሚው ከሁለቱ ይበልጥ ወደ ቀኝ ከወጣው ጫፍ 20 ፒክሰል አልፎ ይቁም። መድረሻው ከላይ ከሆነና ቦታ ካለ አንድ እጥፋት ብቻ ይበቃል፤ ቦታ ከሌለ አራት ቁራጭ ይሆናል። ውጤቱን ወደ ነበረበት መልሰህ አዙረው።

ይህ ሁለቱን ሳጥኖች ብቻ ነው የሚያየው። በመካከል ሌላ ሳጥን ካለ ግን መንገድ ፍለጋ ያስፈልግሃል። ለዚህ የሚሆነው ሃርት፣ ኒልሰንና ራፋኤል እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡት ኤ-ስታር የሚባለው አነስተኛ ዋጋ ያለውን መንገድ የሚፈልግ ዘዴ ነው። ስክሪኑን በፒክሰል አትከፋፍለው። ከየሳጥኑ ጎን በ20 ፒክሰል ርቀት የሚያልፉ መስመሮችን ብቻ ውሰድ፤ የመያያዣዎቹንም ጨምር። 50 ሳጥን ካለህ ከሳጥኖቹ 100 ቋሚና 100 አግድም ይወጣል፤ መገናኛቸው 10,000 ነጥብ ነው። ለዛሬ ኮምፒውተር ትንሽ ነው። ዋይብሮው፣ ማሪዮትና ስታኪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባቀረቡት ሥራ ይህንኑ ሐሳብ በደንብ አስፍተውታል፤ ተደራራቢ መስመሮችን እንዴት መነጠል እንደሚቻልም አሳይተዋል።

ሁለት ነገር ብቻ አትርሳ። አንደኛ፣ እጥፋት ዋጋ ይኑረው። 300 ፒክሰል ርዝመት ያለውና 4 ጊዜ የሚታጠፍ መንገድ አለ እንበል፤ ሌላው 340 ፒክሰል ነው ግን የሚታጠፈው 2 ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ እጥፋት 50 ዋጋ ብትቆርጥ የመጀመሪያው 500፣ ሁለተኛው 440 ይሆናል። ዓይንም የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው። ሁለተኛ፣ ፍለጋው ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ወደ ነጥቡ የመጣበትን አቅጣጫም ይያዝ። አንድ ነጥብ ላይ በአግድም መድረስና በቋሚ መድረስ ቀጥሎ ያለው ዋጋቸው ይለያያል። አቅጣጫውን ከተውከው ኤ-ስታር እጥፋት የበዛበት መንገድ ይሰጥህና ለምን እንደሆነ ስትፈልግ ትውላለህ። ፍለጋውን ተጠቃሚው ያልነካቸው መስመሮች ላይ ብቻ አሂደው።

ስለ አሳሳሉ ብዙ አልልም። ካንቫስ (የድረ ገጽ መሳያ ሰሌዳ) ላይ ባለ 1 ፒክሰል መስመር ሙሉ ቁጥር ላይ ሲሳል ሁለት ፒክሰል ላይ ግማሽ ግማሽ ስለሚያርፍ ይደበዝዛል። ስትስል ብቻ 0.5 ጨምርበት፤ በሊስቱ ላይ ግን አትጨምር። ማጠፊያው እንዲከብ ከፈለግህ የክቡ ሬዲየስ ከጎኑ ካሉት ሁለት ቁራጮች ከአጭሩ ግማሽ እንዳይበልጥ ገድበው። ካልገደብከው የ10 ፒክሰል ደረጃ ላይ ሁለቱ ክቦች ይደራረቡና መስመሩ ይቋጠራል።

ለኮንትሮል ዜድ ደግሞ ማውሱ ሲጫን ሊስቱን ቅዳው፤ ሲለቀቅ አሮጌውንና አዲሱን እንደ አንድ ድርጊት መዝግብ። ጥቂት ቁጥር ስለሆነ መቅዳቱ አይከብድም። አንድ ጉተታ፣ አንድ መመለስ። «ኢስኬፕ» ሲጫንም ያንኑ ቅጂ መልሰው።

የቀረው እስካሁን ሴቭ ያደረግካቸው ፋይሎች ናቸው። በነጥብ ነው የተቀመጡት፤ አትጣላቸው። ሲከፈቱ ነጥብ በነጥብ ሂድባቸው። በሁለት ተከታታይ ነጥቦች መካከል የኤክስ ልዩነቱ ከበለጠ ቁራጩ አግድም ነው፣ የዋይ ልዩነቱ ከበለጠ ቋሚ ነው። እኩል መሆናቸውን አትፈትሽ፤ የሚበልጠውን ብቻ ጠይቅ። ተከታትለው አንድ ዓይነት የሆኑትን አዋህድ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው በቀር የየቁራጩን አንድ ቁጥር ወደ ሊስቱ አስገባ። ተጠቃሚው የወሰነው አድርገህ መዝግበው፤ ማን እንዳቆመው ከፋይሉ አይታወቅምና፣ አለመንካቱ ይሻላል። ተንጋደው የነበሩትም በዚያው ይቃናሉ። አሮጌውን ፋይል ግን አዲሱ ተከፍቶ በዓይንህ እስክታየው ድረስ አታጥፋው።